የነገሌው ማርኪስ

ሮም የሚኖር ወዳጄ ስልክ ደውሎ «ያገርህን ልጅ ቤት አይቼ መጣሁ» አለኝ። ቀልድ የሚወድ ሰው ነው፤ ለነገሩ ሠላሳ ዓመት ስደት ላይ የቆየ ሰው ቀልድ ባይወድ ምን ይተርፈዋል? «የቱን ያገሬን ልጅ?» ስለው «የነገሌውን ማርኪስ ነዋ!» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። እኔም ልስቅ ሞከርኩ። አልመጣልኝም።

የተወለድኩት ነገሌ ቦረና ነው። አባቴ የአራተኛ ብርጌድ ወታደር ነበር። ነገሌ ያደገ ልጅ ስለ ከተማው አንድ የታሪክ ወሬ ሳይሰማ አያድግም፤ በጥር 1966 ዓ.ም. ወታደሩ በምግቡና በውሃው ተማርሮ እንዳመፀ፣ አብዮት የሚባለው ነገር ከዚያ አቧራማ ካምፕ እንደተጫረ። ይህን ደጋግመን ሰምተናል፤ እንደ ተራኪው አንዳንዴ በኩራት፣ አንዳንዴ በፀፀት። የከተማችን ስም ጣሊያን አገር የአንድ ሰው የመኳንንት ማዕረግ መሆኑን ግን አንድም አስተማሪ አልነገረንም። እኔም የሰማሁት ጎልምሼ፣ ያውም ሌላ ነገር ስፈልግ ነው። «ማርኬዜ ዲ ኔጌሊ»፣ የነገሌ ማርኪስ። ሰውየው ሮዶልፎ ግራዚያኒ ነው።

ማርኪስ እንግዲህ በእነሱ የመኳንንት ደረጃ ከመስፍን ዝቅ ያለ፣ ከኮንት ከፍ ያለ ነው። መስፍንነቱን ለባዶሊዮ ሰጥተውት ነበር። የምን መስፍን? የአዲስ አበባ መስፍን! ፒያሳ ቁጭ ብለን ማኪያቶ የምንጠጣ ሰዎች መስፍን እንደነበረን ስንቶቻችን እናውቃለን? የባዶሊዮ የትውልድ መንደር ግራትሳኖ ሞንፌራቶ ትባል ነበር። በፋሺስቱ ዘመን ስሟን ለውጠው ግራትሳኖ ባዶሊዮ አሏት። ዛሬም በዚሁ ስም ነው የምትጠራው፤ ፋሺስቱ ሲወድቅ ስሟን አብሮ ያወረደው የለም።

የነገሌ ማርኪስነት በምን ተገኘ? በ1928 ዓ.ም. ጥር ወር ገናሌ ዶሪያ አካባቢ የራስ ደስታ ዳምጠውን ጦር በአውሮፕላን፣ በብረት ለበስ መኪናና በመርዝ ጋዝ በትኖ ነገሌን በመያዝ ነው። ከዚያ ጥቂት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ በታኅሣሥ፣ መልካ ዲዳ ላይ የነበረውን የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል የእሱ አውሮፕላኖች ደብድበዋል። የቀይ መስቀል ምልክት የተዘረጋበት ድንኳን ነው የምላችሁ። ራስ ደስታ ከዚያ በኋላ ከዓመት በላይ ሲዋጉ ቆይተው የካቲት 17 ቀን 1929 ዓ.ም. ተይዘው ተረሸኑ። አሸናፊው ሰው ከተማዋን በስሙ ላይ ሰፋት። በእኛም ወግ ሹም በግዛቱ ይጠራል፤ የሚጠራው ግን እዚያው ኖሮ፣ ግብሩን በልቶ፣ ዳኝነቱን ተቀምጦ ነው። እኚህኛው ከተማዋን እንደ ኮት ቁልፍ ይዘዋት ሄዱ።

ወደ ወዳጄ ልመለስ። «ያገርህ ልጅ ቤት» ያለው አፊሌ የሚገኘውን መታሰቢያ ነው። አፊሌ ከሮም በስተምሥራቅ ያለች፣ ኮረብታ ላይ የተሰካች፣ 1,500 ያህል ነዋሪ ያላት ትንሽ ከተማ ናት። ግራዚያኒ የተወለደው ፊሌቲኖ በምትባል የተራራ መንደር ቢሆንም ያደገውና የተቀበረው አፊሌ ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 11 ቀን 2012፣ በእኛ ነሐሴ 5 ቀን 2004 ዓ.ም. ማለት ነው፣ የከተማዋ ማዘጋጃ ቤት በአንድ ከፍ ያለ መናፈሻ ውስጥ ለሰውየው መታሰቢያ አቁሞ ሪባን ቆረጠ። ቀኑ እንዲሁ የተገኘ ቀን እንዳይመስላችሁ። ግራዚያኒ የተወለደው እ.ኤ.አ. ኦገስት 11 ቀን 1882 ነው። መቶ ሠላሳኛ ልደቱን አከበሩለት።

ሥራው 127 ሺህ ዩሮ ያህል የፈጀ ነው፤ ገንዘቡም የላትሲዮ ክልል ለመናፈሻ ማልሚያ ብሎ የሰጠው የሕዝብ ገንዘብ ነው። ለአበባና ለአግዳሚ ወንበር ተብሎ የወጣ ዩሮ ድንጋይ ሆኖ ተገኘ። ግንቡ ላይ ሁለት ቃላት ተጽፈዋል፤ «አገር» እና «ክብር»። በቃ። ስንት ሰው ገደለ፣ የት ገደለ፣ የሚል የለም። አገር! ክብር!

በወቅቱ ለዚህ ሥራ የቀረበውን መከላከያ አንብቤያለሁ። ፍሬ ነገሩ «የመንደራችን ልጅ ነው» የሚል ነው። ወታደር ነበር፣ ትልቅ ማዕረግ ደረሰ፣ መንደራችንን አስጠራ፣ ፖለቲካውን ተዉትና ሰውየውን እናስብ። እዚህ አገርም ይህን ንግግር በለሆሳስ የሚደግፉ የተማሩ ሰዎች ገጥመውኛል። «ምን አገባን? የአንድ የገጠር ማዘጋጃ ቤት ጉዳይ አይደለም እንዴ? የሮም መንግሥት መች ሠራው?» ይላሉ። እንዲህ የሚሉት ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም። ደክሟቸው ነው። ደግሞም ከጣሊያን ጋር ብዙ ጉዳይ አለን፤ ብድሩ፣ ግድቡ፣ መንገዱ።

የመንደር ልጅነት ክርክሩን እስቲ በራሱ ሚዛን እንየው። የአፊሌ ሰው የአፊሌን ልጅ የማሰብ መብት አለው፤ ይሁን። ግን የአፊሌ ልጅ አፊሌ ውስጥ ምን ሠራ? ድልድይ አሠራ? ትምህርት ቤት ከፈተ? ታዋቂ የሆነው ሌላ ቦታ፣ በሌላ ሰው ደም ነው። መታሰቢያ የተሠራለት በሊቢያና በኢትዮጵያ በፈጸመው ሥራ ባገኘው ማዕረግና ዝና ነው። ዝናው ከእኛ የተወሰደ ከሆነ ጉዳዩ እንዴት የአፊሌ ማዘጋጃ ቤት የውስጥ ጉዳይ ይሆናል? የተሰረቀ በሬ ጎረቤት ጓሮ ታስሮ ሳየው «የጓሮው ጉዳይ ያንተ ነው» ብዬ ልለፍ?

የከንቲባ ምርጫ ሲደረግ ድምፅ የሚሰጡት ያ 1,500 ሕዝብ ናቸው። በቂሬናይካ ማጎሪያ ጣቢያዎች የታጎረው አንድ መቶ ሺህ የሚጠጋ ዘላን፣ የሊቢያው ሽማግሌ ኦማር ሙክታር፣ የአዲስ አበባ ሟቾች፣ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በዚያ ምርጫ ድምፅ የላቸውም። ቢኖራቸው ኖሮ የመናፈሻው ገንዘብ ለአበባ ይውል ነበር።

ስለ ደብረ ሊባኖስ ካነሳሁ አይቀር ትንሽ ልቆይበት፤ ምክንያቱም የካቲት 12ን ሁላችንም በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዘፍነንለታል፣ ግንቦትን ግን ብዙዎቻችን አናውቀውም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በዛሬው ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ ያኔ ገነተ ልዑል፣ ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ጣሉ። ሰውየው የኔፕልስ ልዑል መወለዱን ምክንያት አድርጎ ለድሆች ምጽዋት ሊሰጥ የተሰበሰበበት ቀን ነበር። ቆሰለ እንጂ አልሞተም። ከዚያ ለሦስት ቀን የሆነውን ኢትዮጵያ ሠላሳ ሺህ ሰው አለቀ ብላ መዝግባለች፤ ኢያን ካምቤል የተባሉት ተመራማሪ ደግሞ ከአሥራ ዘጠኝ ሺህ በላይ ብለው ገምተዋል። የቁጥሩ ክርክር ይቆየን። ቤት ከነሰው ተቃጥሏል፣ ሰው በዶማና በአካፋ ተደብድቦ ሞቷል።

ግንቦት ላይ ደግሞ ተራው የገዳሙ ሆነ። ግራዚያኒ መነኮሳቱ ቦምብ ጣዮቹን ረድተዋል ብሎ ወሰነ። ጄኔራል ማሌቲ ሠራዊቱን ይዞ ወደ ደብረ ሊባኖስ የደረሰው በግንቦት 12 የአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓል ሰሞን ነው፤ ሕዝብ ለንግሥ የተሰበሰበበት ጊዜ። በማግስቱ መነኮሳቱንና ምዕመናኑን በጭነት መኪና እየጫኑ ላጋ ወልዴ ወደሚባል ሸለቆ ወስደው በመትረየስ ፈጇቸው። ግራዚያኒ ለሮም በላከው ቴሌግራም ምክትል አበምኔቱን ጨምሮ 297 መነኮሳትና 23 «ግብረ አበሮች» ተረሽነዋል ብሎ አሳወቀ። ወጣት ዲያቆናቱን ለጊዜው ወደ ደብረ ብርሃን ወስደዋቸው ነበር። እሱ ግን ሐሳቡን ለወጠና እነሱም እንጫጫ በሚባል ቦታ ተጨመሩ። 129 ናቸው። እሱ ራሱ ያመነው 449 ሰው ነው። ካምቤልና ደግፌ ገብረ ፃድቅ በኋላ እየዞሩ ባደረጉት ጥናት ቁጥሩ ከ1,423 እስከ 2,033 ይደርሳል ብለዋል።

ደብረ ሊባኖስ የሄደ ሰው ቦታውን ያውቀዋል። ሜዳው በድንገት ያልቅና ገደል ይጀምራል። ገዳሙ ከገደሉ ሥር ነው፤ ከእሱ ቁልቁል ደግሞ ሌላ ገደል። ጦጣዎቹና ጠበሉ፣ ንፋሱም። ያንን ሁሉ ሰው ያስረሸነው ሰውዬ መታሰቢያ ኮረብታ ላይ ተቀምጦ ቁልቁል ሸለቆ ያያል። ዕይታው መልካም ነው ይላል ወዳጄ።

አሁን ወደ ፍርድ ቤት እንሂድ፤ ምክንያቱም «ጣሊያኖች እኮ ራሳቸው ከሰውታል» የሚል ሰው አይጠፋም። እውነት ነው፣ ሁለት ጊዜ ጉዳዩ ችሎት ደርሷል። የመጀመሪያው ራሱ ግራዚያኒ የተዳኘበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተፈረደበት። በምን ወንጀል? ከ1943 በኋላ የሙሶሊኒ የመከላከያ ሚኒስትር ሆኖ ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ። የእስራቱ አብዛኛው ክፍል ተቀነሰለትና በጥቂት ወራት ውስጥ ወጣ፤ ቆይቶም የአዲሶቹ ፋሺስቶች ፓርቲ የክብር ፕሬዚዳንት ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1955 በሰላም አረፈ። በዚያ ችሎት ስለ ደብረ ሊባኖስ አልተፈረደም። ሁለተኛው የመታሰቢያው ክስ ነው። የጣሊያን የቀድሞ አርበኞች ማኅበር አቤት ብሎ የቲቮሊ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 7 ቀን 2017 ከንቲባውን በስምንት ወር፣ ሁለት የምክር ቤት አባላትን በስድስት በስድስት ወር እስራት ቀጣ። በምን ወንጀል? ፋሺዝምን በማወደስ። ክርክሩ በይግባኝ ወደ ላይ ወጥቶ ለዓመታት ቀጠለ፤ ግንቡም እንደቆመ ቀረ።

እነዚያን የጣሊያን አርበኞች አመሰግናለሁ፤ ከእኛ ይልቅ ሠርተዋል። ግን ልብ በሉ። በሁለቱም ችሎት የተበደለችው ጣሊያን ናት። መጀመሪያ ለጀርመን ስለተሸጠች፣ ቀጥሎ ሕገ መንግሥቷ ስለተደፈረ። የእኛ ሙታን በአንዱም ክስ ላይ ከሳሽ ሆነው አልተጠሩም። ከጦርነቱ በኋላ ኢትዮጵያ ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን የአሥር ጣሊያናውያንን ስም አቅርባ ነበር። ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ1948 ባዶሊዮንና ግራዚያኒን ጨምሮ በስምንቱ ላይ የሚያስከስስ ማስረጃ አለ ብሎ ተቀበለ። አንዳቸውም ለኢትዮጵያ ፍርድ አልቀረቡም። እንግሊዝ አልፈለገችም፣ ቀዝቃዛው ጦርነት መጣ፣ ጣሊያን ወዳጅ ሆነች። ካሣ ተከፈለን፣ በካሣው ቆቃ ግድብ ተሠራ፣ መብራት አገኘን። ግድቡን አልጠላም። ግን ግድብ ፍርድ አይደለም።

የሚያናድደኝ እዚህ ላይ ብቻ ቢሆን ጽሑፉን አልጀምረውም ነበር፤ አፊሌን መስደብ ቀላል ነው፣ ሩቅ ናት። መጋቢት 8 ቀን 2005 ዓ.ም. እሑድ ዕለት፣ እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ይህንኑ የግራዚያኒ መታሰቢያ ለመቃወም የወጡ ኢትዮጵያውያን በፖሊስ ታሰሩ። ከመካከላቸው የሰማያዊ ፓርቲ ሰዎች ነበሩ፤ ፓርቲውን መንግሥት አይወደውም ነበር፤ ሰልፉ ፈቃድ የለውም ተባለ። ይሁን፣ ፖለቲካ አለበት። ግን ነገሩን ለአንድ የውጭ አገር ሰው ለማስረዳት ሞክሩ እስቲ። ግራዚያኒ ያስጨፈጨፈው ሕዝብ የልጅ ልጅ፣ ግራዚያኒ በተወረወረበት ቦምብ በቆሰለበት ከተማ፣ የግራዚያኒን መታሰቢያ ተቃውሞ ሲወጣ የሚታሰረው በጣሊያን ፖሊስ ሳይሆን በራሱ ፖሊስ ነው። በዚያው ዓመት የላትሲዮ ክልል አዲሱ ፕሬዚዳንት ለመታሰቢያው የተመደበውን ገንዘብ አገዱ። ሮም ውስጥ ገንዘቡ ሲታገድ አዲስ አበባ ውስጥ ተቃዋሚው ታገደ።

አሜሪካ ያሉ ኢትዮጵያውያን «ዓለም አቀፍ ኅብረት ለፍትሕ» የሚል ድርጅት አቋቁመው ለዓመታት ደብዳቤ ሲጽፉ፣ ፊርማ ሲያሰባስቡ፣ ቫቲካንን ይቅርታ ሲጠይቁ ኖረዋል። አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ናቸው። እዚህ ያለነው ደግሞ የካቲት 12 ሲደርስ ስድስት ኪሎ አደባባይ ላይ የአበባ ጉንጉን ይቀመጣል፣ የማርሽ ባንድ ይነፋል፣ ረፋድ ላይ መንገዱ ይከፈታል፣ ታክሲው ይንጫጫል። አደባባዩ ላይ ያለው ሐውልት ዙሪያውን የሬሳ ክምር፣ የሚገረፍ ሰው፣ የሚያለቅስ ሰው ተቀርጾበታል። ከታክሲ መስኮት ሆኖ አንገቱን የሚያዞር ተማሪ አላየሁም። እኔም በተማሪነቴ አላዞርኩም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንላለን። ይህን ተረት ያወጣው አባታችን አፊሌን አላየም። የወጋው አልረሳም! ልደቱን ቆጥሮ፣ በጀት ይዞ፣ ግንብ አቁሞ ያስታውሳል። የረሳነው እኛ ነን፤ ነገሌ ቦረና ላይ «ማርኪሳችሁ ማን ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ የመጠጥ ስም ነው ብሎ የሚገምት ታገኛላችሁ።

አንድ የማከብረው የታሪክ ሰው ይህን ሲሰማ «የራሳችንን መሳፍንትስ?» አለኝ። ጥያቄው ፍትሐዊ ነው። ጀግና የምንላቸው መኳንንት ሌላው ኢትዮጵያዊ ወገናችን ጋ ሲደርሱ ጀግና አይደሉም። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ ሐረር ላይ የራስ መኮንን ሐውልት ፈርሷል፤ አርሲ ደግሞ የአኖሌ ሐውልት ቆሟል። አንዱ ባለበት አንዱ ያለቅሳል። «እኛ በራሳችን ሐውልት ሳንስማማ በሰው አገር ሐውልት ምን አንጫጫን?» ነው የሰውየው ጥያቄ። እኔ የምመልሰው ይህ ጠብ ቢያንስ በአንድ ጣራ ሥር ያለ ጠብ ነው ብዬ ነው። የተበደልኩ የሚለው እዚሁ አለ፤ ይጮኻል፣ ይጽፋል፣ ድምፅ ይሰጣል፣ አንዳንዴም፣ ሳልደግፈው፣ ገመድ ይዞ ይመጣል። አፊሌ ላይ የተበደለው ሰው በመናፈሻው የለም። ደግሞ የራሴ ቤት ጣሪያ ስላፈሰሰ ጎረቤቴ በሬን ነቅሎ ቢወስድ ዝም እላለሁ ማለት ነው? ታሪክ ሰውዬው በዚህ አልረካም። ክርክሩ ሌላ ቀን ይቀጥላል፤ ቡናውን የከፈለው እሱ ነው።

እንዲፈርስ እፈልጋለሁ ወይ? ወዳጄም ይህንኑ ጠየቀኝ። እውነቱን ለመናገር አልፈልግም። ቢያፈርሱት ነገ እዚያ ቦታ አበባ ይተክሉና ምንም እንዳልሆነ ይሆናል። የምፈልገው «አገር» እና «ክብር» ከሚሉት ቃላት ሥር ቁጥሮቹ እንዲጻፉ ነው። 297። 129። የላጋ ወልዴና የእንጫጫ ስም፣ በጣሊያንኛና በአማርኛ። ከዚያ ልደቱን ያክብሩ፤ ኬክም ይቁረጡ። ማዕረጉ ግን ይመለስ። ሙሶሊኒን ራሳቸው ዘቅዝቀው ሰቅለውታል፣ ንጉሡን በሕዝበ ውሳኔ አሰናብተውታል፤ የሰጪዎቹ ሥልጣን ሁሉ ሲጠፋ የነገሌ ስም ብቻ ለምን በሰውየው ላይ ተሰፍቶ ይቀራል? ይህን ለመጠየቅ የነገሌ ማዘጋጃ ቤት ከአፊሌ ማዘጋጃ ቤት በምን ያንሳል? አንድ ወረቀት፣ አንድ ማኅተም፣ አንድ ቴምብር።

ወዳጄ ግን ወሬውን አልጨረሰም ነበር። ግንቡን አይቶ ወደ አውቶቡሱ ሲመለስ መናፈሻው ውስጥ ሕፃን በጋሪ የምትገፋ ወጣት ሴት አገኘች፣ ሰላም ተባባሉ። ከየት እንደሆነ ጠየቀችው። እሱ የጎጃም ሰው ነው። «ለአንተ ብዬ» ይላል፣ «ከነገሌ ነኝ አልኳት።»

«እና ምን አለችህ?»

«ትንሽ አሰበችና "ነገሌ የት ነው?" አለችኝ።»